በሁለት ቢሮዎች መካከል የሚቆራረጥ ኔትወርክ፦ ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ለይቶ የመጠገን ዝርዝር መመሪያ

ዋና ቢሮው ፒያሳ፣ ቅርንጫፉ ለገሐር አካባቢ ነው እንበል። በቀጥታ ሲለካ በመካከላቸው ያለው 2.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ይህን ርቀት ለማቋረጥ ከአንድ ሚሊሰከንድ እጅግ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ስለዚህ የቅርንጫፉ ሒሳብ ሠራተኛ «ሲስተሙ ደርቋል» ብላ ስትደውል ጥፋቱ የርቀቱ አይደለም። ከእሷ ኮምፒውተር እስከ ዋናው ቢሮ ሰርቨር ድረስ ካሉት ኬብሎች፣ ሳጥኖች፣ ሶኬቶችና ቅንብሮች የአንዱ ነው።

የተለመደው መፍትሔ ራውተሩን ነቅሎ መሰካት ነው። አንዳንዴ ይሠራል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ራውተሮች ሎጋቸውን (የሆነውን ሁሉ የሚጽፉበትን መዝገብ) የሚይዙት ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በሚጠፋ ሜሞሪ ላይ ስለሆነ፣ በነቀሉ ቁጥር ማስረጃውንም አብረው ያጠፋሉ። ሁለተኛው የተለመደ መፍትሔ ፍጥነት መጨመር ነው። ከ10 ሜጋ ወደ 20 ሜጋ ከፍ ቢደረግም የላላ የኬብል ጭንቅላት እንደላላ ይቀራል። እዚህ የምንከተለው መንገድ ሌላ ነው፦ መስመሩን በክፍል በክፍል ለያይቶ መለካት፣ የተበላሸው ክፍል ሲታወቅ እሱን ብቻ መንካት።

ከመጀመርዎ በፊት

በየቢሮው አንድ በኬብል የሚሰካ ላፕቶፕ ያስፈልጋል፤ በዋይፋይ የተለካ ውጤት የዋይፋዩን ችግር ከመስመሩ ችግር ጋር ስለሚቀላቅል አይጠቅምም። በተጨማሪ ፋብሪካ የተሠሩ ሁለት ወይም ሦስት ካት 6 ኬብሎች፣ ኬብል ቴስተር፣ መልቲሜትር፣ የሁለቱም ራውተሮች ፓስወርድ ይያዙ። ጣሪያ ላይ ሬዲዮ ካለ የጣሪያውን በር ቁልፍ ማን እንደያዘ አስቀድመው የሕንፃውን አስተዳደር ይጠይቁ። ይህን የረሳ ቴክኒሻን ጥበቃውን ፍለጋ ግማሽ ቀን ያቃጥላል።

መስመሩን ወረቀት ላይ መሳል

ከቅርንጫፉ ኮምፒውተር ጀምረው እስከ ሰርቨሩ ያለውን እያንዳንዱን ነገር በቅደም ተከተል ይሳሉ፦ ኮምፒውተር፣ የግድግዳ ሶኬት፣ ስዊች፣ ራውተር፣ የፋይበር ሞደም፣ የአቅራቢው ኔትወርክ፣ ከዚያ በተቃራኒው የዋናው ቢሮ ሞደም፣ ራውተር፣ ስዊችና ሰርቨር። ከእያንዳንዱ ጎን የአይፒ አድራሻውን፣ ኤሌክትሪክ የሚያገኝበትን ሶኬትና ቁልፉን የያዘውን ሰው ይጻፉ።

ሁለቱ ቢሮዎች በምን እንደተገናኙም በግልጽ ይጻፉ። በመሃል አዲስ አበባ በብዛት የሚያጋጥሙት ሦስት ናቸው፦ ከአቅራቢው የተገዛ የቪፒኤን (ሁለት ቢሮዎችን እንደ አንድ የግል ኔትወርክ የሚያገናኝ) አገልግሎት፣ በሁለት ተራ የኢንተርኔት መስመሮች ላይ ድርጅቱ ራሱ የሠራው ቪፒኤን፣ እና ከጣሪያ ጣሪያ የሚተያይ ሬዲዮ። አራተኛም አለ፤ ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚጠቀመው። ሁለቱም ቢሮዎች አውሮፓ ካለ የክላውድ ሰርቨር ጋር ተገናኝተው በእሱ በኩል የሚነጋገሩበት ነው። እንዲህ ሲሆን ከፒያሳ ለገሐር የሚላክ ፋይል ከአገር ወጥቶ ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል፤ የደርሶ መልስ ጊዜውም ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይሆናል። ሥዕሉ ላይ ይህን ካዩ ታነሉን (ቪፒኤኑ የሚከፍተውን የተከለለ መንገድ) በቀጥታ በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ማድረግ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል።

ሰዓቱን ማስታረቅ

ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ብዙ ምርመራ ያበላሸችው ግን እሷ ናት። ሠራተኛው «ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተቋረጠ» ይላል። ኮምፒውተሩ 14:00 ብሎ መዝግቧል። ሰዓቱ ያልተስተካከለ ራውተር ደግሞ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት 11:00 ይላል። ሦስቱም አንድን ቅጽበት ነው የሚናገሩት። ሁለቱንም ራውተሮች ከኢትዮጵያ ሰዓት ክልል፣ ማለትም ከመነሻው ሰዓት 3 ጨምሮ፣ ያስተካክሉ፤ ሰዓታቸውን ከኢንተርኔት የሚያመጣውን ኤንቲፒ ያብሩ። ለሠራተኞች በሚሰጠው መዝገብ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር የሚያሳይ ሁለት ዓምድ ያስገቡ።

ሎጉ እንዳይጠፋም ራውተሮቹ ሎጋቸውን ወደ አንድ ኮምፒውተር እንዲልኩ ሲስሎግ ያብሩ። ማይክሮቲክ በሚባለው የራውተር ዓይነት ላይ የሎጊንግ ቅንብር ውስጥ የኮምፒውተሩን አድራሻ ማስገባት ይበቃል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ የሚቀበል ፕሮግራም መጫን አለበት።

ከሁለቱም ጫፍ በአንድ ጊዜ መለካት

ይህ የሥራው ልብ ነው፤ ከሌላው ክፍል ሁሉ የበለጠ ጊዜ ይስጡት። ለምሳሌ ዋናው ቢሮ 10.20.1.0/24፣ ቅርንጫፉ 10.20.2.0/24 አድራሻ ይጠቀማል እንበል። ከቅርንጫፉ ላፕቶፕ በየሰከንዱ ፒንግ የሚደረጉት (ትንሽ መልእክት ተልኮላቸው መልስ መስጠታቸው የሚለካው) ስድስት ናቸው፦

1. የቅርንጫፉ ራውተር፣ 10.20.2.1።
2. የአቅራቢው የመጀመሪያ ራውተር። ትሬስራውት (መንገዱ ላይ ያሉትን ራውተሮች በተራ የሚዘረዝር ትእዛዝ) ሲያደርጉ ከራስዎ ራውተር ቀጥሎ የሚመጣው አድራሻ ነው፤ የፋይበሩ ሞደም ራሱ እንደ ራውተር የሚሠራ ከሆነ ግን አንድ መስመር ዝቅ ይበሉ።
3. ከአገር ውጭ የሆነ አድራሻ፣ ለምሳሌ 8.8.8.8።
4. የዋናው ቢሮ የውጭ አድራሻ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚታየው።
5. የዋናው ቢሮ ራውተር በታነሉ ውስጥ፣ 10.20.1.1።
6. ሰርቨሩ፣ 10.20.1.10።

ከዋናው ቢሮም በተቃራኒው ይኸው ይደረጋል። የዊንዶውስ ተራ ፒንግ ሰዓት ስለማይጽፍ ለዚህ ሥራ አይመችም። ፒንግኢንፎቪው የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙ አድራሻዎችን በአንድ ጊዜ እየሞከረ የወደቀበትን ሰዓት ስለሚመዘግብ ይሻላል። ቢያንስ አንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት ይሂድ፤ ሰኞ ጠዋትና ዓርብ ከሰዓት አንድ ዓይነት አይደሉም። ላፕቶፑ እንዳይተኛ የኃይል ቅንብሩን መቀየር አይርሱ።

አራተኛው አድራሻ ለፒንግ መልስ ካልሰጠ የዋናው ቢሮ ፋየርዎል ዘግቶት ይሆናል። ለቅርንጫፉ አድራሻ ብቻ ፒንግ ይፍቀዱ።

አነባበቡ እንዲህ ነው። 1 ከወደቀ ችግሩ ቅርንጫፉ ውስጥ ነው፤ ለማንም አይደውሉ። 1 ደህና ሆኖ 2 ከወደቀ ከራውተሩ እስከ አቅራቢው ያለው መስመር ነው፦ ሞደሙ፣ ፋይበሩ ወይም መብራቱ። 3 ብቻ ወድቆ 4 ከሠራ ከአገር የሚወጣው መንገድ ታምሟል፤ ፌስቡክ ባይከፈትም በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ያለው ሥራ መቀጠል አለበት፤ ካልቀጠለ ታነሉ በውጭ አገር በኩል እየዞረ ነው ማለት ነው። 4 ደህና ሆኖ 5 ከወደቀ ቪፒኤኑ ነው። 5 ደህና ሆኖ 6 ከወደቀ የዋናው ቢሮ ስዊች ወይም ሰርቨሩ ራሱ ነው። ስድስቱም ሳይወድቁ ሠራተኛው ካማረረ ደግሞ ነገሩ የፓኬት (ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክበት ጥቅል) መጠን ወይም የፕሮግራሙ ጠባይ ነው፤ ሁለቱም ወደ ታች ተብራርተዋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ትሬስራውት ላይ መሃል ያለ አንድ ራውተር 30 በመቶ ፓኬት ጣለ ብሎ ቢያሳይና ከእሱ ቀጥሎ ያሉት ምንም ካልጣሉ ያ ራውተር አልተበላሸም። ለፒንግ መልስ መስጠትን ከሌላ ሥራው ኋላ ስላስቀመጠው ነው። ጥፋት የሚባለው ከአንድ ነጥብ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የሚዘልቅ መጥፋት ብቻ ነው።

ለማነጻጸሪያ ያህል፣ በኬብል የተሰካ ላፕቶፕ የራሱን ራውተር ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ማግኘትና አንድም ፓኬት አለመጣል አለበት። በታነሉ ላይ ለስልክ ጥሪ የፓኬት መጥፋት ከ1 በመቶ በታች፣ የመዘግየት መዋዠቅ ከ30 ሚሊሰከንድ በታች ያስፈልጋል።

የመቆራረጡን መልክ ማንበብ

የተመዘገቡትን ሰዓቶች አንድ ላይ ሲያዩአቸው መልክ ያወጣሉ። በየ1 ሰዓቱ ወይም በየ8 ሰዓቱ እንደ ደወል የሚቋረጥ የቅንብር ችግር ነው፤ አይፒሴክ በሚባለው የቪፒኤን ዓይነት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምስጠራ ቁልፍ የሚታደስበት ጊዜ በሁለቱ ጫፍ ስላልተስማማ ነው። ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት የሚንቀራፈፍና በምሳ ሰዓት ደህና የሚሆን መጨናነቅ ነው። መብራት ከሄደ በኋላ የሚመጣ የኃይል ነው። ከዝናብ ጋር የሚመጣ ወይ ጣሪያ ላይ ነው ወይ ውኃ የገባበት ጉድጓድ ውስጥ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ጭጭ ብሎ የሚመለስ ሬዲዮ ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው፤ እንመጣበታለን። መንገድ በሚቆፈርበት ሰፈር ድንገት ጠፍቶ ለሰዓታት የማይመለስ የተቆረጠ ፋይበር ነው፤ ለአቅራቢው ከማሳወቅ በቀር በቢሮ ውስጥ የሚደረግ ነገር የለም።

መብራት

የኔትወርክ ችግር ተብሎ ከሚመጣው ብዙው የኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሄዶ ጀነሬተር እስኪነሳ 15 ሰከንድ ቢፈጅ ችግሩ የ15 ሰከንድ ብቻ አይሆንም፤ ሞደሙ ተነስቶ ከአቅራቢው ጋር እስኪገናኝ፣ ራውተሩ እስኪነሳ፣ ታነሉ እስኪመሠረት ድረስ ብዙ ደቂቃ ይሄዳል።

የፋይበር ሞደም፣ ራውተር፣ ትንሽ ስዊችና አንድ ሬዲዮ ተደምረው ብዙውን ጊዜ ከ50 ዋት አይበልጡም። 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው ትንሽ ዩፒኤስ በወረቀት ላይ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ብክነቱ ተቀንሶ ባትሪው አዲስ ከሆነ ይህን ጭነት ከግማሽ ሰዓት በላይ ያቆየዋል። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ሌዘር ፕሪንተር በዚያው ዩፒኤስ ላይ አይሰካ፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ይጥለዋል። ባትሪውም ከ2 እስከ 3 ዓመት ሲሞላው ይቀየር፤ ዩፒኤሱ «ሙሉ» የሚል መብራት ቢያሳይም ያረጀ ባትሪ በደቂቃ ውስጥ ይሞታል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ከሥራ ሰዓት ውጭ የዩፒኤሱን መሰኪያ ከግድግዳ ነቅለው ሰዓት ይያዙ።

ሦስትና አራት ዲቫይደር ተቀጣጥሎ መጨረሻው ላይ ራውተር ከተሰካ ያ ሰንሰለት ራሱ ተጠርጣሪ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ በእግሯ ትነካዋለች፣ ግንኙነቱ ይላላል። ራውተሩን ለብቻው ከዩፒኤሱ ጋር ያገናኙት።

ከመብራት መቋረጥ ጋር የሚመጣ አንድ ስውር ችግር አለ። ብዙ ራውተሮች ሰዓት የሚያስቀጥል ባትሪ የላቸውም፤ ሲነሱ ዓመቱ 1970 ነው ብለው የሚጀምሩም አሉ። ሰርተፊኬት የሚጠቀም ቪፒኤን ሰርተፊኬቱን «ገና ያልጀመረ» ብሎ ይመልሰዋል፤ ሰዓቱ እስኪስተካከል ታነሉ አይመሠረትም። «መብራት ከመጣ በኋላ ቪፒኤኑ ሩብ ሰዓት ይቆያል» ከተባለ መጀመሪያ ኤንቲፒውን ይመልከቱ።

የቢሮው ውስጥ

እዚህ ብዙ አንቆይም። የስዊቹን ፖርት ፍጥነት ይዩ፤ 1000 መሆን ሲገባው 100 ወይም 10 ከሆነ ከስምንቱ ሽቦ አንዱ አልገናኝ ብሏል፤ ጭንቅላቱን ቆርጠው በድጋሚ ይምቱት ወይም ኬብሉን ይቀይሩ። የስህተት ቆጣሪው እየጨመረ የሚሄድ ከሆነም እንዲሁ። ከስዊች እስከ ኮምፒውተር ከ100 ሜትር አይለፍ። አንድ ሠራተኛ ከቤቱ ዋይፋይ ራውተር አምጥቶ ግድግዳ ላይ ከሰካ አንዳንድ ኮምፒውተሮች ከእሱ የተሳሳተ አድራሻ ይወስዳሉ፤ ምልክቱ 10.20.2 መሆን የነበረበት አድራሻ 192.168.0 ሆኖ መገኘቱ ነው። ሁለቱም ጫፉ በአንድ ስዊች የተሰካ ኬብል ደግሞ ቢሮውን በሙሉ ያናውጣል፤ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ አብረው በፍጥነት ብልጭ ድርግም ሲሉ ይህን ይጠርጥሩ።

የፋይበር መስመሩ

ሞደሙ ላይ ሁለት መብራት ይዩ። ፖን የሚለው አረንጓዴ ሆኖ መርጋት አለበት። ሎስ የሚለው ቀይ ከበራ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ እየደረሰ አይደለም። ከሁለቱ መሃል ያለው አስቸጋሪው ነው፤ መብራቱ ደህና ይመስላል፣ መስመሩ ግን ይንገዳገዳል። ያኔ የሞደሙን ገጽ ከፍተው የሚቀበለውን የብርሃን ኃይል ያንብቡ። ጂፖን ለሚባለው የተለመደ የፋይበር መስመር ዓይነት ከ-8 እስከ -27 ዲቢኤም (የኃይል መለኪያ ነው) ድረስ ይሠራል ይባላል፤ ከ-25 በታች ከወረደ ግን ትንሽ ነገር ሲነካው ይወድቃል። ቁጥሩን ዛሬ ይጻፉት፤ ከሁለት ወር በኋላ በ3 ዲቢ ከቀነሰ ግማሹ ብርሃን ጠፍቷል ማለት ነው።

ከቢሮው በኩል ሊፈተሽ የሚችለው የመጨረሻው ጥቂት ሜትር ነው። ቀጭኑ ቢጫ ወይም ነጭ የፋይበር ገመድ ከጠረጴዛ እግር ሥር አልተጨፈለቀም? ከ3 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ክብ ተጠቅልሎ በላስቲክ አልታሰረም? አረንጓዴ ጭንቅላት ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ ጋር ብቻ ይገጥማል፤ የተቀላቀለ ከሆነ ይሠራ ይመስላል፣ ብርሃኑ ግን ይባክናል። ጭንቅላቱን በልብስ አይጥረጉ፤ የፋይበሩን ጫፍም ወደ ዓይን አቅርበው አይመልከቱ።

ጣሪያ ላይ ያለ ሬዲዮ

ፒያሳ ከፍ ያለ፣ ለገሐር ዝቅ ያለ በመሆኑ ከላይ ወደ ታች መተያየት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ዓይን ማየቱ ለሬዲዮ አይበቃውም። በ5.8 ጊጋኸርዝ ለሚሠራ የ2.5 ኪሎ ሜትር መስመር፣ መሃል ላይ በመስመሩ ዙሪያ 5.7 ሜትር ያህል ሬድየስ ያለው ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ ከዚህ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 3.4 ሜትሩ፣ ከማንኛውም ነገር ነፃ መሆን አለበት። ባለፉት ዓመታት በመሃል ከተማው ስንት ሕንፃ እንደተነሳ ማንም የሚያየው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጥርት ያለ የነበረ መስመር ዛሬ የአንድ ግንባታ የላይኛው ወለል ወይም ክሬን ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ባህር ዛፍም በፍጥነት ያድጋል፤ ርጥብ ቅጠል ደግሞ ከደረቅ የበለጠ ይጋርዳል።

ስሌቱን በእጅ መሥራት ይቻላል። 2.5 ኪሎ ሜትር በ5.8 ጊጋኸርዝ 116 ዲቢ ያህል ይበላል። ሬዲዮው በ20 ዲቢኤም ቢልክና በሁለቱም ጫፍ 23 ዲቢአይ አንቴና ቢኖር 20 ሲደመር 23 ሲደመር 23፣ ከዚያ 116 ሲቀነስ -50 ዲቢኤም ይሆናል። የሬዲዮው ገጽ ከ-50 እስከ -54 ካሳየ ደህና ነው። -68 ካሳየ ወይ ዲሹ ዞሯል ወይ የሚጋርድ ነገር መጥቷል ወይ ውኃ ገብቷል። ዲሹን ለማስተካከል አንድ ሰው ጣሪያ ላይ፣ አንድ ሰው ስክሪን ላይ ሆነው በስልክ እየተነጋገሩ መጀመሪያ ወደ ግራና ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ላይና ታች በጥቂቱ ያንቀሳቅሱ። ከፍተኛው ቁጥር የሚገኝበትን አልፈው ሄደው ይመለሱ፤ የጎን ጨረር ላይ ቆሞ «ይህ ነው» የማለት ስህተት የሚታየው በዚህ ነው።

ክረምት ሲገባ «ዝናቡ ሬዲዮውን ረበሸው» ይባላል። በ5 ጊጋኸርዝ ላይ በዚህ ርቀት ዝናቡ ራሱ የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በዝናብ ከወደቀ ውኃው የገባው ጭንቅላቱ ወይም ኬብሉ ውስጥ ነው። ኬብሉ ወደ ሬዲዮው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘንበል ብሎ ውኃውን የሚያንጠባጥብ ቀለበት ሊኖረው ይገባል፤ ለውጭ የተሠራ፣ ሽፋኑ ከመሬት ሽቦ ጋር የተገናኘ ኬብልም ይሁን። 60 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱን ከባድ ዝናብ በእውነት ይጥለዋል፤ መጠባበቂያ 5 ጊጋኸርዝ ያስፈልገዋል።

ያ የአንድ ደቂቃ ዝምታ የመጣው ከዚህ ነው፦ የ5 ጊጋኸርዝ አንዳንድ ቻናሎች ለራዳርም ያገለግላሉ። ሬዲዮው ራዳር የመሰለው ነገር ሲሰማ ቻናሉን ለቆ በሌላ ላይ ቢያንስ 60 ሰከንድ አዳምጦ ነው መላክ የሚጀምረው። ሎጉ ላይ ራዳር ወይም ዲኤፍኤስ የሚል ቃል ካዩ ይህ ግዴታ ወደሌለበት ቻናል ይሂዱ። የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀም በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ስለሆነ የትኛው ቻናልና የትኛው የኃይል መጠን እንደተፈቀደ ከመትከል በፊት እዚያ ይጠይቁ።

የኃይል ሳጥኑንም ይመልከቱ። በ24 ቮልት የሚሠራ ሬዲዮ አለ፣ በ48 ቮልት የሚሠራም አለ፤ የተበላሸውን ለመተካት ከመርካቶ የመጣው ሳጥን የትኛው እንደሆነ ሳይነበብ አይሰካ።

ቪፒኤኑ

መጀመሪያ አድራሻዎቹን ይዩ። ሁለቱም ቢሮዎች ከፋብሪካ እንደመጣ 192.168.1.0 ከሆኑ ታነሉ ቢመሠረትም አንዱ ሌላውን በአግባቡ አያገኝም። በልዩ ልዩ ማታለያ ከማስኬድ የአንዱን ቢሮ አድራሻ በአንድ ቅዳሜ መቀየር ይሻላል።

ቀጥሎ፣ ራውተሩ የውጭ መስመር ላይ የያዘውን አድራሻ ያንብቡ። በ10፣ በ192.168 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ እውነተኛ የውጭ አድራሻ አይደለም፤ ሌላ ራውተር ከፊቱ አለ። በሞባይል መስመር ላይ ይህ የተለመደ ነው። ሁለቱም ቢሮዎች እንዲህ ከሆኑ በቀጥታ መገናኘት ይከብዳቸዋል። አንዱ ብቻ፣ በተለይ ዋናው ቢሮ፣ ቋሚ የውጭ አድራሻ ከአቅራቢው ቢገዛ ይበቃል፤ ጥሪውን ሁልጊዜ ቅርንጫፉ ይጀምር። ቪፒኤኑ ዋየርጋርድ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ቅርንጫፉ ላይ በየ25 ሰከንዱ የሚልክ ማቆያ ያስገቡ፤ አለበለዚያ መሃል ያለው ራውተር ዝም ያለውን ግንኙነት ይረሳዋል፤ ከምሳ የተመለሱ ሠራተኞችም ታነሉን ሞቶ ያገኙታል። አይፒሴክ ከሆነ ዩዲፒ 500 እና 4500 በሁለቱም ፋየርዎል ክፍት መሆናቸውን፣ የቁልፍ ዕድሜውና የምስጠራው ዓይነት በሁለቱም ጫፍ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።

አሁን ወደ ፓኬት መጠን። ምልክቱ ልዩ ነው፦ ፒንግ ፍጹም ደህና ነው፣ ትንሽ ፋይል ያልፋል፣ ትልቅ ፋይል ግን ተጀምሮ ይቆማል፤ ሪሞት ዴስክቶፕ (ሌላ ቦታ ያለ ኮምፒውተርን ከርቀት መጠቀሚያ) ፓስወርድ ተቀብሎ ጥቁር ስክሪን ላይ ይቀራል። ምክንያቱ ይህ ነው። ተራ መስመር 1500 ባይት ፓኬት ይቀበላል። ፒፒፒኦኢ (በስምና በፓስወርድ የሚገባበት የመስመር ዓይነት) ከሆነ 1492 ይሆናል። ቪፒኤኑ ደግሞ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የራሱን መጠቅለያ ይጨምራል። ጥቅሉ ከመንገዱ ሲበልጥ መሃል ያለ ራውተር «በጣም ትልቅ ነው» ብሎ ማስጠንቀቅ ነበረበት፤ ማስጠንቀቂያውን ፋየርዎል ከጣለው ላኪው ምንም ሳያውቅ ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል።

መጠኑን እንዲህ ይለኩ። በዊንዶውስ ፒንግ ላይ እንዳይከፋፈል የሚያዝ «ሰረዝ ኤፍ»፣ መጠን የሚወስን «ሰረዝ ኤል» አለ፤ ሁለቱም በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት። መጀመሪያ ወደ ዋናው ቢሮ የውጭ አድራሻ በ1472 ይሞክሩ። ካለፈ 28 ባይት ተደምሮ መንገዱ 1500 ነው። ካላለፈ 1464 ይሞክሩ፤ ይህ ካለፈ 1492 ነው። ከዚያ በታነሉ ውስጥ ወደ 10.20.1.1 በ1400 ጀምረው እስኪያልፍ በ10 በ10 ይቀንሱ፤ ባለፈው ቁጥር ላይ 28 ሲደምሩ የታነሉ ልክ ይገኛል። ማይክሮቲክ ላይ ከሆነ የሚጽፉት መጠን ጠቅላላው ስለሆነ 28 አይደመርም።

ያገኙትን ቁጥር የታነሉ ኤምቲዩ (የሚያልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን) ያድርጉ። በዋየርጋርድ 1420 የተለመደ ነው፤ ፒፒፒኦኢ ላይ 1412፣ በሞባይል መስመር ላይ 1380 ወይም 1360 ይሞክሩ። ከዚያ በራውተሩ ላይ የቲሲፒ ኤምኤስኤስ (በአንድ ፓኬት ውስጥ የሚጫነው ትልቁ የዳታ መጠን) ልክ ከኤምቲዩው 40 ቀንሰው ያስገቡ። በአይፒሴክ ላይ ኤምኤስኤስን 1360 አድርጎ መጀመር ጥሩ መነሻ ነው። ይህን ካደረጉ በኋላ የቆመው ትልቅ ፋይል ወዲያው ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ምርመራው ወደ ኋላ ተመልሶ በሌላ ክፍል ይቀጥላል።

መጨናነቅ

በሁለት ቢሮዎች መካከል ያለው ፍጥነት ከአንዱ የመላኪያና ከሌላው የመቀበያ ፍጥነት አነስተኛው ነው። አይፐርፍ 3 የሚባለውን ፕሮግራም በሁለቱም ላፕቶፕ ጭነው፣ አንዱን አስተናጋጅ አድርገው ለ30 ሰከንድ ይለኩ፤ ከዚያ አቅጣጫውን ገልብጠው ይድገሙት። በዚያው ጊዜ ፒንግ ይሂድ። መስመሩ ባዶ ሲሆን 8 ሚሊሰከንድ የነበረው ሲሞላ 400 ከደረሰ ፓኬቶቹ ሰልፍ ይዘዋል። መድኃኒቱ ከመስመሩ አቅም 90 በመቶ ላይ ራውተሩ ራሱ እንዲገድብ ማድረግ ነው፤ ለ20 ሜጋ መስመር 18 ሜጋ። ሮውተርኦኤስ 7 የሚባለው ሲስተም ያለው ማይክሮቲክ ኬክ ወይም ኤፍኪው ኮዴል የሚባለውን ወረፋ መጠቀም ይችላል።

ማን እንደሚሞላውም ይፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ወንጀለኛው የደኅንነት ካሜራ ነው። አንዱ ካሜራ 4 ሜጋ ቢልክ ስምንቱ 32 ሜጋ ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ ከቅርንጫፉ የሚመጣውን ምስል ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ከከፈተው ሌላው ሁሉ ይራባል። ቀረጻው እዚያው ቅርንጫፉ ይቀመጥ፤ ሲያስፈልግ ብቻ ዝቅተኛው ጥራት ይታይ።

ፒችትሪና የጋራ ፎልደር

መስመሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ብቻ የሚንቀራፈፍ ከሆነ መስመሩን አይውቀሱ። የዳታ ፋይሉን በጋራ ፎልደር ከፍቶ የሚሠራ ፕሮግራም ለአንድ ሪፖርት ሺህ ጊዜ ይመላለሳል። 2,000 ምልልስ በቢሮ ውስጥ በ1 ሚሊሰከንድ 2 ሰከንድ ነው፤ በ40 ሚሊሰከንድ ታነል ላይ 80 ሰከንድ ይሆናል። መሃል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ ዳታው ሊበላሽ ይችላል። ቅርንጫፉ በሪሞት ዴስክቶፕ ዋናው ቢሮ ያለ ማሽን ላይ ገብቶ ይሥራ፤ የሚጓዘው የስክሪኑ ምስል ብቻ ይሆናል፤ መስመሩ ቢቋረጥም የተከፈተው ሥራ እዚያው ይጠብቃል። የሪሞት ዴስክቶፑ ፖርት 3389 ግን በምንም ዓይነት ለኢንተርኔት አይከፈት፤ በቪፒኤኑ ውስጥ ብቻ።

መጠባበቂያ መስመር

ሁለት ፋይበር በአንድ ቱቦ ከገባ አንድ ቁፋሮ ሁለቱንም ይቆርጣል። መጠባበቂያው በሌላ መንገድ የሚመጣ ይሁን፦ አንዱ ፋይበር ከሆነ ሌላው 4ጂ፣ ከተቻለም ከሌላ አቅራቢ። የ4ጂ ራውተሩን ሰርቨር ክፍል ውስጥ አይቅበሩት፤ መስኮት አጠገብ አድርገው የሲግናሉን ጥንካሬ የሚያሳየውን አርኤስአርፒ የሚለውን ቁጥር ይዩ፤ ከ-90 የተሻለ ጥሩ ነው፣ ወደ -110 ሲጠጋ አስተማማኝ አይደለም።

መቀያየሪያው የአቅራቢውን የመጀመሪያ ራውተር ብቻ አይቶ አይወስን፤ ያ እየመለሰ ከዚያ ወዲያ ያለው ሊሞት ይችላል። የዋናውን ቢሮ የውጭ አድራሻና አንድ ሌላ አድራሻ ይከታተል፤ በ10 ሰከንድ ልዩነት ሦስት ጊዜ ሲወድቅ ይቀይር፤ ወደ ዋናው መስመር የሚመለሰው ግን ለ5 ደቂቃ ያህል ሳይወድቅ ከቆየ ነው። ይህ ካልሆነ የሚንገዳገድ ፋይበር ታነሉን በየደቂቃው እያመላለሰ ከመቆራረጡ የባሰ ያደርገዋል።

ለአቅራቢው ማሳወቅ

«ኔትወርክ የለም» የሚል ስልክ ብዙ ርቀት አይሄድም። ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ሲደውሉ የአገልግሎት ቁጥሩን፣ የተቋረጠበትን ቀንና ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር፣ የሎስ መብራቱን ሁኔታ፣ የብርሃኑን ቁጥር ከቀድሞው ጋር አነጻጽረው፣ እና አድራሻ 1 ሳይወድቅ 2 የወደቀበትን መዝገብ ይዘው ይደውሉ። የጥያቄውን ቁጥር ጽፈው ይያዙ፤ በሁለተኛው ጥሪ ከመጀመሪያው ከመጀመር ያድናል። ውል ላይ ያለውን የአገልግሎት መጠንም ያንብቡ፦ በ30 ቀን ወር 99 በመቶ ማለት 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ መቋረጥ ተፈቅዷል ማለት ነው፤ 99.9 በመቶ ከሆነ 43 ደቂቃ። የሳምንቱ መዝገብዎ ከዚህ በላይ ካሳየ ከጥገና ጥያቄው ጋር የጽሑፍ ማመልከቻ ያያይዙ።